ዝቅ በተደረገ መኪና ላይ ከአክሰል የሚሰማ ቀጭታ፦ ችግርና መፍትሄ

የጎማ ዳዶዎች መጥበቃቸውን፣ የፍሬን ሸራዎች በቦታቸው መቀመጣቸውንና ቴስቲናዎች (ባለ ኳስ መገጣጠሚያዎቹ) አለመላላታቸውን አስቀድመው እንዳረጋገጡ ቆጥሬ በቀጥታ ወደ አክሰሉ፣ ማለትም ኃይልን ከካምቢዮው ወደ ጎማው ወደሚያደርሰው ዘንግ እገባለሁ። ሞላው አጥሮ ዝቅ ያለ መኪና ድምፅ ሲያሰማ ሁሉም ሰው የሚወቅሰው የአክሰሉን ማዘንበል ነው። እኔ ደጋግሜ ያጋጠመኝ ግን መኪናው ዝቅ በማለቱ ሳይሆን ዝቅ ሲደረግ በተሠራው ግዴለሽ ሥራ የመጣ ብልሽት ነው። ስለዚህ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ድምፁ መቼ እንደሚሰማ ይለዩ።

ምልክት፦ አቅጣጫ ሲቀየር አንድ ጊዜ ብቻ «ቀጭ»

ማርሹን ከኋላ ወደ ፊት ቀይረው መኪናው ገና መንቀሳቀስ ሲጀምር አንድ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰማል። እንደገና ቆመው አቅጣጫ እስኪቀይሩ ድረስ አይደገምም፤ መሪውን ወደ የትኛውም ጎን ቢያዞሩ ለውጥ የለውም።

መንስኤው የአክሰሉ ጫፍና ሞዞው (ጎማው የሚታሰርበት እምብርት) የሚገናኙበት ቦታ ነው። በአክሰሉ ጥርሶችና በሞዞው ጥርሶች መካከል ጥቂት ክፍተት መኖሩ የተለመደ ሲሆን፣ ያ ክፍተት እንዳይሰማ የሚያደርገው የመሐሉ ዳዶ የጆይንቱን (የአክሰሉን ተጣጣፊ መገጣጠሚያ) ትከሻ ከኩሽኔታው (ሞዞው ከሚዞርበት ቤሪንግ) ፊት ጋር አጥብቆ መያዙ ነው። ዳዶው በቂ ካልጠበቀ ወይም ሁለቱ ፊቶች ደርቀውና ዝገው ከተገናኙ፣ የሞተሩ ኃይል አቅጣጫ ሲቀይር ትከሻው በድንገት ይንሸራተትና ይጮኻል። ሞላ የሚቀይሩ ብዙ ሠራተኞች አሞርዛተሩን በቀላሉ ለማውጣት ሲሉ ይህን ዳዶ ይፈቱታል፤ ሲመልሱት ደግሞ ያንኑ አሮጌ ዳዶ በአየር መፍቻ «እስኪበቃው» ይነዱታል። ድምፁ መኪናው ዝቅ ካለ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ መኪና ሁለት ጊዜ አክሰል ተቀይሮለት፣ ሁለቱንም ጊዜ ድምፁ ተመልሶ መጥቶ እኔ ዘንድ ደረሰ። ባለቤቱ መኪናውን ወደ ቀድሞ ከፍታው ሊመልስ ወስኖ ነበር። ከአክሰሉ ጫፍ እስከ ሞዞው ድረስ አንድ የቀለም መስመር አሰምሬ፣ ቀለሙ ሲደርቅ ጥቂት ጊዜ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አስነዳሁት፤ መስመሩ መሐሉ ላይ ተሰንጥቆ ተገኘ። ሁለት ጤነኛ አክሰሎች ያለ ጥፋታቸው ተጥለዋል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ይህን የቀለም ምርመራ ሳላደርግ አክሰል ቀይሬ አላውቅም።

ለማስተካከል ጎማው ከመሬት ተነስቶ ረዳትዎ ፍሬን እንደረገጠ ዳዶውን ይፍቱ፤ አክሰሉን ወደ ውስጥ ገፍተው ጥርሶቹንና ሁለቱን ፊቶች በሽቦ ብሩሽና በፍሬን ማጽጃ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ያጽዱ። በጥርሶቹና በትከሻው ላይ ሞሊብዲነም ያለበትን ቅባት በስሱ ይቀቡ፤ ዳዶው የሚዞርበትን ጥርስ ግን አይቀቡት፣ የጥብቀቱን ልክ ያዛባልና። ዳዶው የግድ አዲስ ይሁን፤ ተቀጥቅጦ ወይም በራሱ ይዞ የሚቆለፍ ዳዶ ለአንድ ጊዜ ብቻ የተሠራ ነው። ልኩ ከመኪና መኪና ይለያያል፤ በብዙ ትንንሽ መኪናዎች ከ180 እስከ 300 ኒውተን ሜትር ባለው ውስጥ ይወድቃል፣ ትክክለኛውን ቁጥር ግን ከዚያው መኪና የጥገና መጽሐፍ ወስደው የጥብቀቱን ልክ በሚያሳይ ቶርክ ቁልፍ ያጥብቁ። የአየር መፍቻ መለኪያ አይደለም። ዳዶው ላልቶ ሳለ መኪናውን በጎማው ላይ ፈጽሞ አያሳርፉ፣ አይግፉም፤ ብዙ ኩሽኔታዎች ተጣብቀው የሚቆዩት በዚሁ ዳዶ ኃይል ስለሆነ ወዲያው ይጎዳሉ።

ምልክት፦ ሲታጠፉ ከጎማው ፍጥነት ጋር የሚፋጠን ቀጭ ቀጭ

ይህ በጎማው በኩል ያለው የውጪው ጆይንት ነው፤ ብዙውን ጊዜም የሚጮኸው ክብደቱ የሚያርፍበት፣ ማለትም በመታጠፊያው ውጪ በኩል ያለው ነው። የመነሻው ጥፋት ጆይንቱን የሚሸፍነው ላስቲክ መቀደድ ነው፤ ግሪሱ ተረጭቶ ያልቅና በምትኩ አቧራና ውኃ ይገባል። ዝቅ ያለ መኪና አክሰሉ አዘንብሎ ስለሚሠራ የሽፋኑ እጥፋቶች እርስ በርስ ይፋተጋሉ፤ ርካሽ ላስቲክ ደግሞ ይህን አይችልም። ድምፅ ከጀመረ በኋላ ግሪስ መሙላት ራስን ማታለል ነው፤ ኳሶቹ የሚሄዱባቸው ቦዮች አንዴ ከተቦረቦሩ አይመለሱም፣ ጆይንቱ ወይም ሙሉ አክሰሉ ይቀየራል። አዲሱን ከአሮጌው ጎን አስተኝተው ርዝመቱን፣ የጥርሶቹን ብዛትና ካለው የኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው የፍሬን ሥርዓት) ቀለበቱን ያነጻጽሩ። «ይገጥማል» ተብሎ የተሸጠ ረጅም አክሰል ዝቅ ባለ መኪና ላይ በካምቢዮው በኩል ያለውን የውስጠኛውን ጆይንት መጨረሻ ድረስ ገፍቶ ካምቢዮውን ሲጎዳ አይቻለሁ። ሽፋኑ ብቻ ተቀዶ ድምፅ ከሌለ ግን ዛሬውኑ ይክፈቱት፣ ያጽዱት፣ የጆይንት ግሪስ ሞልተው አዲስ ሽፋን ያስሩለት፤ የኩሽኔታ ግሪስ አይተካውም።

ምልክት፦ ቀጥታ መንገድ ላይ ነዳጅ ሲረግጡ መንቀጥቀጥ

የውስጠኛው ጆይንት ነው። ሞላው ሲቀየር ሞዞውን የተሸከመው ብረት በሽቦ ሳይታሰር ወደ ውጪ ከተንጠለጠለ በጆይንቱ ውስጥ የሚንከባለሉት ሦስቱ ሮለሮች ከቤታቸው ይወጣሉ፣ ሽፋኑም ይለጠጣል። ጆይንቱን ከፍተው ይዩት እንጂ ገፍተው አይመልሱት። ሮለሮቹና ቤታቸው ጤነኛ ሆነው መኪናው ግን ከልክ በላይ ዝቅ ብሎ ከሆነ ከፍታው በሚስተካከል ሞላ 10 ወይም 20 ሚሊ ሜትር ከፍ ያድርጉትና እንደገና ይሞክሩት።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ፦ አክሰሉ ላይ የሚያብረቀርቅ የፍትጊያ ምልክት ካለ የስታቢላይዘር ባሩ (መኪናው ሲታጠፍ እንዳይጋደል የሚይዘው ዘንግ) እየነካው ነው። መኪናው ቆሞ መሪ ሲዞር የሚፈነዳ ድምፅ የሞላው ጫፍ በመቀመጫው አለመግባቱ ነው። ጉድጓድ ላይ የሚያንቋቋ ደግሞ ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ የተጠበቀ የብራቾ (ጎማውን የሚይዘው ክንድ) ጎሚኒ ሊሆን ይችላል፤ ቡሎኑን ያላሉ፣ መኪናውን በራሱ ክብደት ያሳርፉ፣ ከዚያ ያጥብቁ።