ሚዛኑ አልነቃነቅ ሲል፦ ዳይት መሀል ሞራል ሳይወድቅ እንዴት ይቀጠላል?

ከ96 ኪሎ ተነስቼ 84 ደረስኩ። አምስት ወር ፈጀብኝ። ከዚያ ሚዛኑ ቆመ። 84.6፣ 84.2፣ 84.3። ጠዋት ጠዋት ልብሴን አውልቄ፣ ትንፋሼን ውጬ እወጣበታለሁ። ትንፋሽ መዋጥ ኪሎ እንደማይቀንስ አውቃለሁ፤ ግን ሰው ሲጨንቀው የማያደርገው የለም። በአራተኛው ሳምንት እሁድ "ካልቀነስኩስ ለምን እራባለሁ?" ብዬ አንድ ሰሃን ጨጨብሳ በቅቤና በማር ጥርግ አደረግኩ። ሰኞ ጠዋት ሚዛኑ 85.9 አለኝ። ሞራሌ እንክት አለ።

ያን ቀን ዳይቱን ልተወው ምንም አልቀረኝም ነበር። ያዳነኝ ሒሳብ ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል። በአንድ ቀን 1.6 ኪሎ ስብ ለመጨመር ከ12,000 ካሎሪ በላይ ትርፍ መብላት ነበረብኝ። ጨጨብሳው ብዙ ነበር፤ ያን ያህል ግን አልነበረም። የጨመረው በአብዛኛው ውሃና ገና ከሆድ ያልወጣ ምግብ ነው። በሦስት ቀን ተመልሶ ወረደ።

እንደኔ አንድ ቁጥር ላይ ለተቸነከራችሁ፣ የሠራልኝን በተራ ልንገራችሁ።

1. በእርግጥ መቆሙን አረጋግጡ

የአንድ ሳምንት ዝምታ መቆም አይባልም። ጨው የበዛበት እራት፣ የወር አበባ ሰሞን፣ አዲስ የተጀመረ ጂም፣ ሁሉም ሰውነት ውሃ እንዲይዝ ያደርጋሉ። የሆድ ድርቀትም ሚዛኑን ከፍ ያደርጋል። ስቡ እየቀነሰም ቢሆን ይሸፍኑታል። ስለዚህ በየጠዋቱ በተመሳሳይ ሰዓት ተመዘኑና የሰባቱን ቀን ደምራችሁ ለ7 አካፍሉ። የሚወዳደረው የሳምንት አማካይ ከሳምንት አማካይ ጋር ነው። የወር አበባ የምታዩ ደግሞ ካለፈው ወር ተመሳሳይ ሳምንት ጋር አወዳድሩ። በየቀኑ መመዘን የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ በሳምንት አንዴ ይበቃል።

የልብስ ሰፊ ሜትር ፈልጉና ወገባችሁን በእምብርት ትክክል ለኩ። ሆድ መሳብ የለም። አማካዩ አራት ሳምንት ካልተነቃነቀ፣ ወገብም ካልቀነሰ፣ አዎ፣ ቆሟል። ወገብ እየቀነሰ ከሆነ ግን ምንም አልቆመም፤ እዚሁ ጋ ንባቡን አቁማችሁ ዳይታችሁን ቀጥሉ።

የኔ ወገብም አልቀነሰም ነበር።

2. ለምን እንደቆመ እወቁ

እኔን በጣም የጎዳኝ "የኔ ሰውነት አይሆንለትም" የሚለው ሐሳብ ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። 12 ኪሎ ስቀንስ፣ ሰውነቴ ያንን 12 ኪሎ ተሸክሞ መዋል ቀረለት። የሥነ ምግብ ባለሙያዎች በሚጠቀሙበት የሚፍሊን ቀመር፣ እያንዳንዱ ኪሎ ዝም ብለን ተቀምጠን እንኳ በቀን 10 ካሎሪ ይፈልጋል። 12 ኪሎ ሲሄድ 120 ካሎሪ አብሮ ይሄዳል። መራመዱና ደረጃ መውጣቱ ሲጨመር ከዚያም ይበልጣል። መጀመሪያ ያከሳኝ ምግብ ያው ሆኖ፣ በምበላውና በማቃጥለው መካከል ያለው ክፍተት ጠበበ።

ሰውነት በዚህ ላይ ቁጠባ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 በአሜሪካ ሚኒሶታ 36 በጎ ፈቃደኛ ወንዶች ለ24 ሳምንት የምግባቸውን ግማሽ ያህል ብቻ እየበሉ ተጠንተው ነበር። የልብ ምታቸው ቀነሰ፣ ሁልጊዜ ይበርዳቸው ጀመር፣ የሚያቃጥሉት ካሎሪም ከክብደታቸው መቀነስ በላይ ወረደ። የኛ ዳይት እንደነሱ የከፋ አይደለም። ጠባዩ ግን ያው ነው፤ ሳናውቀው እንቅስቃሴያችንም ይቀንሳል።

የመጀመሪያው ሳምንት ደግሞ ያታልላል። ያኔ ዱብ የሚለው ሁለት ኪሎ ብዙው ውሃ ነው። ሰውነት ያከማቸው ስኳር እያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል፤ ስኳሩ ሲያልቅ ውሃውም ይወጣል። ያንን ፍጥነት ለዘለዓለም መጠበቅ ራስን ለንዴት ማዘጋጀት ነው።

3. የሚያፈሰውን ቀዳዳ ፈልጉ

እንጀራዬን እቆጥራለሁ፣ ሥጋዬን እመዝናለሁ። ዘይቱን ግን የሚያውቀው ድስቱ ብቻ ነበር። አንድ ሰኞ አዲስ ባለ 1 ሊትር ዘይት ስንከፍት፣ ጠርሙሱ ላይ በማርከር አሰመርኩና ቀኑን ጻፍኩበት። በሳምንቱ ሰኞ ጠርሙሱ ባዶ ነበር። ቤታችን አራት ነን። 1 ሊትር ዘይት ከ8,000 ካሎሪ ያልፋል። ለአራት ሰው፣ ለሰባት ቀን ስታካፍሉት በቀን ለአንድ ሰው 300 ይጠጋል። ያውም እኩል ከተካፈልን ነው። እኔ ሽሮውን ከዳር፣ ዘይቱ ከጠለለበት በኩል ነው የማጠቅሰው።

አሁን ሽንኩርቱ መጀመሪያ በውሃ ጠብታ ይቁላላል፣ ዘይቱ ኋላ በማንኪያ እየተለካ ይገባል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ወደ 120 ካሎሪ ነው። ወጡ መጀመሪያ ሰሞን ትንሽ ገርጣ ይላል፤ በርበሬውን በደንብ አብስሉት፣ ትለምዱታላችሁ።

በጾም ወቅት በተለይ ተጠንቀቁ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ሥጋና ቅቤ የለም፤ ዘይቱ ግን ሞልቷል። "ጾሜ ሳለ እንዴት አልከሳሁም?" የሚል ሰው ጠርሙሱን ይጠይቅ።

ሌላው ሻይ ነው። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ 145 ካሎሪ ገደማ። የቡና ቁርስ ላይ አንድ እፍኝ ለውዝ፣ 30 ግራም ቢሆን፣ ወደ 170። ጉርሻን ደግሞ ማንም ቆጥሮት አያውቅም። ለሦስት ቀን የቀመሳችሁትን ሁሉ፣ ጉርሻውንም፣ ልጅ ያስተረፈውንም፣ ወዲያው ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ማታ "ምን በልቼ ነበር?" ብሎ ማስታወስ አይሠራም። እኔ ራሴን ደጋግሜ ዋሽቻለሁ።

4. አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ

ሰው ሲደነግጥ ምሳ ይተዋል፣ እንጀራ ይተዋል፣ በቀን ሁለቴ መሮጥ ይጀምራል። በአምስተኛው ቀን ሁሉንም ይተዋል። አንድ ነገር ምረጡና ሦስት ሳምንት ስጡት። እኔ ዘይቱን በግማሽ ቀነስኩ። ሌላው ከታክሲ ሁለት ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ በእግር መሄድ ሊሆን ይችላል። ወይም ቁርስ ላይ ከዳቦ ይልቅ እንቁላል፤ ፕሮቲን ያጠግባል፣ ጡንቻም ያተርፋል። የምትበሉት ቀድሞውኑ ትንሽ ከሆነ (ለሴት በቀን 1,200፣ ለወንድ 1,500 ካሎሪ አካባቢ) ያለ ባለሙያ ከዚያ አትውረዱ።

5. ለሞራል ሌላ መያዣ ስጡት

የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የለም። አንድ ውሃ የጠፋበት ቀን ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን ከግማሽ ትንሽ አሳልፌ፣ 12 ሊትር ያህል ሞልቼ ወጣሁ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ አረፍኩ። ሦስተኛው ላይ እጄን ቀየርኩ። በሬ ላይ ሳስቀምጠው ነው የገባኝ፦ ይህን ጀሪካን የሚያህል ክብደት ዓመታት ሙሉ ተሸክሜ ስወጣ ኖሬያለሁ፣ አንዴም ሳላስቀምጠው። ጉልበታችሁ ደህና ከሆነ የቀነሳችሁትን ያህል ውሃ ሙሉና ሞክሩት። ማንም "ጎበዝ" ብሎ የሚያጽናናኝን ያህል አጽናንቶኛል።

ከዚያ ወዲህ ግቤን ወደ እጄ አመጣሁት። "በወር 3 ኪሎ" የሚለውን ትቼ "በሳምንት አምስት ቀን 30 ደቂቃ እርምጃ" አልኩ። ኩሽና ግድግዳ ላይ ካላንደር አለ፤ ለሄድኩበት ቀን ኤክስ አደርጋለሁ። ልጄ ኤክስ የሌለባቸውን ቀናት ትቆጥርብኛለች።

6. "ምነው ከሳህ?" ለሚሉት መልስ አዘጋጁ

እኛ ዘንድ መክሳት ዜና ነው፤ ያውም መጥፎ ዜና። አክስቴ "ምነው ልጄ፣ አመመህ እንዴ? ፊትህ አለቀ!" ትለኛለች። ቀጥሎ ጉርሻ ይመጣል። መከራከር ዋጋ የለውም። አንዷን ጉርሻ በደስታ እቀበላለሁ፣ እቆጥራታለሁ። ሁለተኛዋ ስትመጣ "እትዬ፣ ሐኪም አዞኝ ነው" እላለሁ። ሐኪም ሲባል አክስቴ ራሷ ጠባቂዬ ሆነች፤ አሁን ቅቤ የያዘ ሰሃን ከፊቴ የምታነሳው እሷ ናት።

7. እረፍት ውሰዱ፣ ግን በቀጠሮ

ወራት ሙሉ ስትቀንሱ ከከረማችሁ፣ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ክብደታችሁን ጠብቃችሁ ብቻ ለመቆየት ብሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት ሁለት ሳምንት ዳይት፣ ሁለት ሳምንት እረፍት እያፈራረቁ የቀነሱ ወንዶች በተከታታይ ከቀነሱት የበለጠ መቀነሳቸውን አሳይቷል። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ይህን ብልጫ ሁሌ አላገኙትም። ለጭንቅላት ግን እፎይታ ነው። የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀኑን ጻፉት። ፋሲካ ላይ ብታደርጉት ደግሞ ከዶሮ ወጥ ጋር ከመጣላት ትድናላችሁ።

ስኳር ወይም ግፊት ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡሮችና የምታጠቡ እናቶች ይህን ሁሉ ከሐኪማችሁ ጋር አድርጉት። ያለ ምክንያት ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለትና የፀጉር መርገፍ ካለም የእንቅርት ዕጢ ምርመራ ጠይቁ። አንዳንድ መድኃኒቶችም ክብደት ይጨምራሉ፤ በራሳችሁ ግን አታቋርጡ።

የኔ ሚዛን ዘይቱን በቀነስኩ በሦስተኛው ሳምንት 83.4 አለ። በማግስቱ ተመልሶ 83.9። ጠርሙሱ ላይ የሰኞውን መስመር አሰመርኩና ወደ ሥራ ሄድኩ።