ከረጅም ቅጂ ውስጥ የምንፈልገውን ብቻ ማስቀረት

አያቴ የድሮ ታሪኳን ስታወራ በስልኬ ቀዳኋት። አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ሆነ። ግማሹ «ቡናው ገነፈለ»፣ «ማነው በሩን የሚያንኳኳው» እና የጎረቤት ዶሮ ነው። ለቤተሰብ የሚላከው ወሬ ቢጠራቀም 20 ደቂቃ አይሞላም። እሱን እንዴት ለይቼ እንዳወጣሁ ልንገራችሁ።

የምጠቀመው ኦዳሲቲ የሚባለውን የድምፅ ማስተካከያ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው፤ በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም ይሠራል። የስልክ መቁረጫ አፖች ለአንድ ቁራጭ ይበቃሉ፤ ለአሥር ቁራጭ ግን ያሰለቻሉ።

መጀመሪያ ዋናውን ፋይል ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ። የምትነኩት ኮፒውን ብቻ ነው። የስልክ ቅጂ ብዙ ጊዜ ኤም ፎር ኤ የሚባል የፋይል ዓይነት ስለሚሆን ኦዳሲቲ አልከፍትም ካለ፣ ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለውን ተጨማሪ ጫኑለት።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ መሰረዝ ይጀምራል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ግን ከመጀመሪያው አንድ ደቂቃ ስትሰርዙ የቀረው ሁሉ ያንኑ ያህል ይሳባል። ወረቀት ላይ «35ኛው ደቂቃ፣ ሠርግ» ብላችሁ የጻፋችሁት ዋጋ የለውም። መሰረዝ ግድ ከሆነ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ኑ።

የሚሻለው ሌብል፣ ማለትም ስም ያለው ምልክት ማድረግ ነው። የምትፈልጉትን ክፍል በማውስ ጎትታችሁ ምረጡ፣ ኮንትሮልና «B»ን ተጫኑ፣ ስም ጻፉ፣ ኢንተር። ድምፁ አይነካም፤ ከሥሩ ምልክት ብቻ ይቀመጣል። ስሙ በኋላ የፋይሉ ስም ስለሚሆን «01 ሠርግ»፣ «02 ረሃቡ» እያላችሁ በቁጥር ጀምሩ። ክፍሉን ሳትመርጡ ምልክት ብቻ ከጣላችሁ ግን፣ ፋይሉ እስከሚቀጥለው ምልክት ያለውን ሁሉ ጠራርጎ ይወጣል። ዶሮውንም ጭምር።

አሁን እኔን ጉድ ወደሠራኝ ነገር ልምጣ፦ የት ላይ ማቆም?

አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ተናጋሪው ደግሞ መጨረሻ ላይ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ሽማግሌ ሲሆንማ ይባስ። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን የሚቋጨው ቃል ስክሪኑ ላይ ቀጭን መስመር ሆኖ ዝምታ ይመስላል። አያቴ «አያታችሁን አላገባም ብዬ ነበር» አለች። «ብዬ ነበር» ያለችው በሹክሹክታ ነው። እኔ መስመሩን አይቼ ቆረጥኩ። የቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ የገባው «አያታችሁን አላገባም» የሚል ሆነ። አክስቴ ከዋሽንግተን ደውላ «ታዲያ እኛ ከየት መጣን?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ በዓይን አልቆርጥም። ኮንትሮልና 1ን ደጋግሜ ተጭኜ መስመሩን አሰፋለሁ፣ ጆሮ ማዳመጫ አደርጋለሁ፣ አለቀ ካልኩበት ሁለት ሰከንድ አልፌ አዳምጣለሁ። የተረፈ ቃል ካለ የሌብሉን ጫፍ ይዤ እጎትታለሁ። በሁለቱም በኩል ግማሽ ሰከንድ ንግግር የሌለበት የቤቱን ድምፅ መተውም ጥሩ ነው። ቃሉ ጫፍ ላይ ከተቆረጠ ስልክ የተቋረጠ ይመስላል።

ሌብሎቹ ሲያልቁ ፋይል ሜኑ ውስጥ ኤክስፖርት ኦዲዮ ግቡና ብዙ ፋይል፣ በሌብል የሚለውን ምረጡ። በቆዩት ስሪቶች ኤክስፖርት መልቲፕል ለብቻው ተቀምጧል። ዋቭ በሚባለው፣ ጥራት በማይቀንሰው የፋይል ዓይነት አውጡት። ኤምፒ3 በወጣ ቁጥር ጥራት ስለሚቀንስ የመጨረሻው ላይ ብቻ ይምጣ። ዋቭ ቦታ ይበላል፤ በተለመደው የሲዲ ጥራት ስቴሪዮ ከሆነ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ገደማ ነው።

አንድ ላይ እንዲሆኑ ከፈለጋችሁ ቁራጮቹን አዲስ ፕሮጀክት ውስጥ አስገቡ፤ በየትራኩ፣ ማለትም እያንዳንዱ በራሱ መስመር፣ ይደረደራሉ። ሁሉንም መርጣችሁ ትራክስ ሜኑ ውስጥ አላይን ትራክስ፣ ከዚያ አላይን ኤንድ ቱ ኤንድ ስትሉ አንዱ ሲያልቅ ሌላው እንዲጀምር ይቀጣጠላሉ። ከዚያ ኤምፒ3።

የእኔው 18 ደቂቃ ሆነ። ዶሮው አንድ ቦታ ቀርቷል፤ የጮኸው አያቴ ስትስቅ ስለሆነ አልቆረጥኩትም።