ጅማ ላይ የማይተዋወቁ ሰዎችን በአንድ ፊልም ማገናኘት

መጀመሪያ ሰዎቹን አትፈልግ፤ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ዕቃ ፈልግ። እኔ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ መረጥኩ፣ ከአንድ ግንድ የተጠረበውን። ጠራቢው ሂርማታ ገበያ ይሸጠዋል፣ የገዛችው ሴት ባጃጅ ውስጥ ትረሳዋለች፣ ሹፌሩ አዌቱ ወንዝ አጠገብ ቡና ለምታፈላ ልጅ ይሰጣታል። ተመልካቹ እንዲለየው አንዱን እግር በቢላ ጫር አድርገው፤ ሳልጭረው የቀረጽኩት ትዕይንት ላይ ሁሉም «ይሄ ሌላ በርጩማ ነው» አሉኝ።

ንግግር ያለበትን ትዕይንት ጠዋት ጨርስ። በክረምት ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የቀዳሁት ድምፅ በሙሉ ዝናብ ብቻ ነው። ደግመን ብንቀዳውም ከንፈሩ አልገጠመም።

መጨረሻ ላይ ሰብስበህ አታስተዋውቃቸው፤ ሠርግ አይደለም። ልጅቷ በርጩማውን ለደንበኛ ታቅርብ። የምትቀመጥበት ያቺው የረሳችው ሴት ትሁን፤ ልብ እንኳ ሳትል ቡናዋን ትጠጣ።