አሮጌ ሞተርን ከእርሳስ ነፃ በሆነ ቤንዚን እንዴት ማሠራት ይቻላል

እርሳስ ያለበት የመኪና ቤንዚን ከማደያ ጠፍቷል። የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ ነበረች፤ እሷም በ2021 እ.ኤ.አ. አቆመች። ስለዚህ የ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መኪና ያለው ሰው ያገኘውን ይቀዳል። ቀድቶም ብዙውን ጊዜ ይጨነቃል፤ ከዚያ በእርሳሱ ፋንታ ቤንዚን ውስጥ የሚጨመር፣ በጠርሙስ የሚሸጥ ፈሳሽ ሊገዛ ይሮጣል። እኔ ግን ከጠርሙሱ በፊት መለኪያ ያንሱ እላለሁ።

እርሳስ ቤንዚን ውስጥ የገባው ሞተር እንዳያንኳኳ፣ ማለትም ቤንዚኑ በራሱ ተቀጣጥሎ እንዳይንቀጨቀጭ ነው። ይህን ጠባዩን ያገኘው አሜሪካዊው ቶማስ ሚድግሌይ ነው፣ በ1921 እ.ኤ.አ.። (ራሱም በኋላ በእርሳስ ተመርዞ ታሟል።) ነገር ግን እርሳሱ ሌላም ሥራ ነበረው። ሲቃጠል የሚተወው ስስ ሽፋን የጭስ ማስወጫ ቫልቭን ከመቀመጫው ይለያል። ሽፋኑ ሲጠፋ የጋለው ቫልቭ ከለስላሳው ብረት ጋር ለቅጽበት ይጣበቃል፤ ሲነሳ ቅንጣት ብረት ይዞ ይነሳል። ይህ በደቂቃ ብዙ መቶ ጊዜ ሲደጋገም መቀመጫው ይበላል፣ ቫልቩም ወደ ቴስታታው (ቫልቮቹ ወደተገጠሙበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ውስጥ እየሰመጠ ይሄዳል።

1. ቴስታታውን ይለዩ

ማግኔት ያስጠጉ። ካልያዘ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ላይ ቫልቭ በቀጥታ አይቀመጥም፤ የብረት ቀለበት ይገባለታል። ቀለበቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጠንካራ ነው። የድሮዋ ቮልስዋገን ቢትል እንዲህ ናት፣ ብዙም አያስጨንቅም። ማግኔቱ ከያዘ ግን መቀመጫው ከራሱ ከቴስታታው ብረት ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ አንዳንድ አምራቾች ይህንን መቀመጫ ማጠንከር ጀምረዋል፤ የመኪናውን መጽሐፍ ካገኙ እዚያ ይፈልጉት።

2. የቫልቭ ክፍተቱን ይለኩ፣ ይጻፉ

ዋናው ሥራ ይሄ ነው። ክፍተቱ በቫልቩ ጭራና በሮከሩ (ቫልቩን ገፍቶ በሚከፍተው ክንድ) መካከል ያለው ነው። የቫልቭ ክዳኑን ይክፈቱ። መጽሐፉ ሞተሩ ቀዝቅዞ ይለካ ካለ ቀዝቅዞ፣ ሞቆ ካለ ሞቆ፣ በፊለር ጌጅ (ውፍረታቸው በተጻፈባቸው ስስ የብረት ምላሶች) እያንዳንዱን ቫልቭ ለክተው ያስተካክሉ። ቁጥሮቹን ከኪሎ ሜትሩ ጋር ደብተር ላይ ያስፍሩ። ከ1,500 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ይድገሙት።

ቫልቭ ሲሰምጥ ጭራው ወደ ሮከሩ ይጠጋል፤ ክፍተቱ ይጠባል። ጨርሶ ሲዘጋ ቫልቩ መገጠም ያቅተዋል። የጋለ ጋዝ በዚያ ያመልጥና ቫልቩን ያቃጥለዋል። የማስገቢያ ቫልቮቹ ክፍተት ሳይነቃነቅ የጭስ ማስወጫው ብቻ በየልኬቱ ከጠበበ ምልክቱ ግልጽ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ለክተው ለውጥ ካላዩ ግን ፈሳሹን ይተዉት፣ ገንዘብዎን አያባክኑ።

በነገራችን ላይ፣ ቲክ ቲክ የሚል ቫልቭ ብዙም አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ሲጮህ ከርሞ በራሱ ጊዜ ዝም ያለው ነው፤ ክፍተቱ ጠቦ ሊሆን ይችላል። ክፍተቱን ራሱ የሚያስተካክል ሃይድሮሊክ ታፔት ያለው ሞተር ላይ ደግሞ በዚህ መንገድ መለካት አይቻልም፤ ኮምፕሬሽን (በሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረውን የመጭመቅ ግፊት) ያስለኩ።

3. ካንኳኳ ኦክቴንና ታይሚንግ

ዳገት ላይ ጋዝ ሲረግጡ የሚንቀጨቀጭ ድምፅ ከሰሙ መጀመሪያ ከፍ ያለ ኦክቴን ያለው፣ ማለትም ማንኳኳትን የበለጠ የሚቋቋም ቤንዚን ይሞክሩ። ካልተገኘ ታይሚንጉን (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ) በአንድ ወይም በሁለት ዲግሪ ያዘግዩ። እንዳያበዙት! የዘገየ እሳት ጭሱን ያግላል፤ የሚጎዳውም ያው የጭስ ማስወጫ ቫልቭ ነው። ቤንዚን ያነሰበት የካርቡሬተር ቅልቅልም እንዲሁ ያግላል።

4. አነዳድ፣ ከዚያ ፈሳሽ

መቀመጫውን የሚበላው ለረጅም ጊዜ በከፍተኛ ፍጥነት ወይም ጭኖ መንዳት ነው። ቀስ ብላ የምትነዳ የእሁድ መኪና ለዓመታት ምንም ላትሆን ትችላለች። ደብተሩ መጥበቡን ካሳየና ረጅም መንገድ የሚሄዱ ከሆነ ፈሳሹ ያን ጊዜ ይጠቅማል። ፖታሲየም፣ ፎስፈረስ ወይም ማንጋኒዝ ያለበት አለ። አንዱን መርጠው በልኩ ይጨምሩ፤ አይቀላቅሉ። የማንጋኒዙ ካንዴላን ቀላ ያደርገዋል፣ አይደንግጡ።

5. ቱቦዎቹን ይዩ

የዛሬ ቤንዚን ብዙ ቦታ ኢታኖል ይቀላቀልበታል። ኢታኖል የድሮ ጎማ ያለሰልሳል፣ የታንክ ዝቃጭም ያነሳል። የጎማ ቱቦውን ኢታኖል በሚችል ይቀይሩ፤ መጀመሪያ ሰሞን ፊልትሮውን ቶሎ ቶሎ ይመልከቱ።

6. ቴስታታው ሲወርድ

ለዚህ ብቻ ተብሎ ደህና ሞተር አይፈታም። በሌላ ምክንያት ሲፈታ ግን የጭስ ማስወጫ መቀመጫዎቹን አስቆርጠው ጠንካራ ቀለበት ያስገቡ፤ የማስገቢያዎቹን መንካት አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። የሚቆርጠው ሰው ያንን ዓይነት ቴስታታ ሠርቶ እንደሚያውቅ ይጠይቁ። አንዳንዱ ላይ የውሃው መተላለፊያ ከመቀመጫው ሥር ቅርብ ነው፤ ትንሽ ጠለቅ ካለ ይበሳል።