ወርድ ከምኅጻረ ቃል በኋላ ትልቅ ፊደል ሲያስገባ፦ መፍትሔው

ከባሕር ዳር ለሚነሡ የጣና ጀልባ ጉዞዎች የእንግሊዝኛ መመሪያ ስናዘጋጅ ማይክሮሶፍት ወርድ ቀናት አባከነብን። «ፔኒንሱላ»ን (ባሕረ ገብ መሬት ማለት ነው) አሳጥረን «ፔን.» ብለን ነጥብ ባደረግን ቁጥር ፕሮግራሙ ዓረፍተ ነገሩ አለቀ ብሎ ቀጣዩን ቃል በትልቅ ፊደል ይጀምረዋል። በጣና ባሕረ ገብ መሬት በዘጌ የሚበቅለው ቡና ተራ ቡና መሆኑ ቀርቶ እንደ ሰው ስም ተጻፈ!

የፊደል ግድፈት ማረሚያውን ማጥፋት ምንም አልለወጠም። «ኮንትሮል» እና «ዜድ» መጫን የሚመልሰው ያንኑ አንድ ቦታ ብቻ ነው። ራስ አራሚውን («አውቶኮሬክት») ጨርሶ ስንዘጋው ደግሞ እውነተኛዎቹ የዓረፍተ ነገር መጀመሪያዎች በትንሽ ፊደል ቀሩ፤ ይኼኛው ይባስ አናዳጅ ነበር።

ችግሩን የፈታው፦ «ፋይል»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «ፕሩፊንግ»፣ «አውቶኮሬክት ኦፕሽንስ»፣ ከዚያ «ኤክሴፕሽንስ»። «ፈርስት ሌተር» በሚለው ክፍል ምኅጻረ ቃሉን ከነነጥቡ ጽፎ «አድ» የሚለውን መጫን ነው።

ቀድሞ የተበላሸው ግን በራሱ አይስተካከልም፤ «ፋይንድ» እና «ሪፕሌስ» ውስጥ «ማች ኬዝ»ን መርጦ መተካት ያስፈልጋል። ኪሎ ሜትርን የሚወክሉት ሁለት ፊደላት፣ ዓረፍተ ነገሩ እነርሱ ላይ ካላለቀ በቀር፣ በዓለም አቀፉ የመለኪያ ሥርዓት ነጥብ ስለማይደረግባቸው ከነጥቡ ከነጭራሹ ገላገልናቸው። በ«ኤክሴፕሽንስ» የተመዘገበው የምኅጻረ ቃላት ዝርዝር የሚቀመጠው በሰነዱ ሳይሆን በኮምፒውተሩ ላይ ነውና በሌላ ኮምፒውተር የሚጽፍ ሰው እንደገና ይመዝግበው።