የግዢ ዳታን ከስፓርክ ጋር በኤስኪውኤል ማገናኘት፦ ማገናኘቱ ቀላል ነው፣ ጉዱ ያለው ቀኑ ላይ ነው

ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ አይቲ ወይም ግዢ ክፍል የምትሰሩ ልጆች ይሄን ነገር ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ስፓርክ ማለት ብዙ ዳታን በብዙ ኮር ወይም ማሽን ላይ ከፋፍሎ የሚሰራ ሶፍትዌር ነው፣ ኤስኪውኤል ደግሞ ዳታ መጠየቂያ ቋንቋ። ሰኔ ሲመጣ መቼም ታውቁታላችሁ፣ አለቃ ይጠራና «የአምስት ዓመት የገብስ ግዢ በአቅራቢና በወረዳ አውጡልኝ፣ ከመንዝ ስንት፣ ከአንጎለላና ጠራ ስንት፣ ከባሶና ወራና ስንት» ይላል፣ ዳታው ደግሞ ግማሹ ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ላይ ግማሹ ኤክሴል ላይ ነው።

በመጀመሪያ እውነቱን ልናገር፣ ያላችሁ መቶ ሺህ መስመር ከሆነ ስፓርክ አያስፈልጋችሁም፣ ፖስትግሬሱ ራሱ ይበቃል። ስፓርክ የሚያዋጣው ዳታው አንድ ማሽን ላይ ሲከብድ ወይም ከአምስት ቦታ የመጣ ፋይልና ቴብል በአንድ ኤስኪውኤል መጠየቅ ሲያስፈልግ ነው። ለመማር ግን ማንም አይከለክላችሁም፣ ላፕቶፕ ላይ ይሰራል። ጃቫ ያስፈልጋል፣ ስፓርክ 4 ቢያንስ ጃቫ 17 ይፈልጋል።

ማገናኘቱ እንዲህ ነው። የዳታቤዙን የጄዲቢሲ ድራይቨር (ስፓርክን ከዳታቤዙ ጋር የሚያነጋግረው)፣ ማለትም ያቺን አንዷን ጃር ፋይል አውርዱና ስፓርክ ኤስኪውኤልን ስትከፍቱ ጃርስ በሚለው ኦፕሽን ስጡት። ከዛ «ክሬት ቴምፖራሪ ቪው» ብላችሁ ስም ትሰጡታላችሁ፣ «ዩዚንግ ጄዲቢሲ» ትላላችሁ፣ ኦፕሽንስ ቅንፍ ውስጥ ዩአርኤሉን፣ ዲቢቴብል በሚለው ስር የቴብሉን ስም፣ ዩዘርና ፓስወርድ ታስገባላችሁ። ፖርቱ ካልተቀየረ ፖስትግሬስ 5432 ነው፣ ማይኤስኪውኤል 3306። አለቀ፣ ከዚህ በኋላ ያቺ ቪው እንደማንኛውም ቴብል ሴሌክት ትደረጋለች። ዩዘሩ ግን ማንበብ ብቻ የሚችል ይሁን፣ የአድሚን ፓስወርድ እዛ ውስጥ የሚጽፍ ሰው አይቻለሁ፣ ኧረ ተዉ።

አሁን እኔ ያጠፋሁትን ልንገራችሁ። አንድ የሰራሁበት ቦታ ሰኔ 28 ቀን በስራ ሰዓት ዋናው ዳታቤዝ ላይ ስፓርኩን በቀጥታ ለቀቅኩት፣ ንብረት ክፍል ጂአርኤን (የዕቃ መቀበያ ደረሰኝ) ሊያስገቡ ሲሉ ስክሪናቸው ደረቀ፣ በር ድረስ መጥተው ነው የጮሁብኝ፣ እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ወይ ከኮፒው አንብቡ ወይ ማታ አንብቡ። ሌላው፣ ምንም ካላላችሁት ስፓርክ በጄዲቢሲ ሲያነብ በአንድ ፓርቲሽን (ክፍልፋይ) ብቻ ነው የሚያነበው፣ አስር ኮር ቢኖራችሁ ዘጠኙ ቁጭ ብሎ ያያል። ፓርቲሽን ኮለም (ቁጥር ወይ ቀን መሆን አለበት)፣ ሎወር ባውንድ፣ አፐር ባውንድና ነም ፓርቲሽንስ አራቱን አንድ ላይ ስጡት። ለምሳሌ የትዕዛዝ መለያ ቁጥሩ ከ1 እስከ 400000 ከሆነና 8 ካላችሁት በየ50000 ገደማ ይከፋፍለዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ ባውንዶቹ ዳታ አያጣሩም! ከ400000 በላይ ያለው መስመርም ይመጣል፣ የመጨረሻው ፓርቲሽን ላይ ተጠራቅሞ ነው የሚመጣው። ማጣራት ከፈለጋችሁ ዌር ጻፉ። ነም ፓርቲሽንስ ማለት ደግሞ ዳታቤዙ ላይ በአንዴ የሚከፈት ኮኔክሽን ማለት ነው፣ ስለዚህ 200 እንዳትሉት። ፌችሳይዝንም (በአንዴ ስንት መስመር እንደሚያመጣ) ሙሉ፣ ፖስትግሬስ ላይ ካልሞላችሁት ድራይቨሩ የጠየቃችሁትን በሙሉ በአንድ ጊዜ ሜሞሪ ላይ ነው የሚያፈሰው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጣጣ፣ ወደ ቀኑ። የኛ ሰው ቀን የሚጽፈው በኢትዮጵያ ነው፣ ያውም በጽሑፍ፣ 05/03/2016 ብሎ። ይሄ ኅዳር 5 ነው፣ ለስፓርክ ቱዴት (ጽሑፍን ወደ ቀን የሚቀይረው ፈንክሽን) ብላችሁ፣ ፎርማቱን ቀን/ወር/ዓመት አድርጋችሁ ከሰጣችሁት ግን በፈረንጅ ማርች 5 ቀን 2016 ብሎ ያለምንም ቅሬታ ይቀበላችኋል፣ ትክክለኛው ደግሞ ኖቬምበር 15 ቀን 2023 ነው። ጥቅምት 30 ሲመጣ 30/02 ስለሚሆን፣ ጳጉሜም 13ኛ ወር ስለሆነች፣ እንደ ቨርዥኑና እንደ ሴቲንጉ ወይ ባዶ ይሆናል ወይ ስራው በስህተት ይቆማል። እኔ በስህተት ቢቆም ይሻለኛል፣ ቢያንስ ታውቃላችሁ፣ ዝም ብሎ የሚያልፈው ነው የሚገድለው።

መፍትሄው ቀላል ሂሳብ ነው። መስከረም 1 ቀን 2000 በፈረንጅ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነበር፣ እሱን መነሻ አድርጉት። ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በስፕሊት ፓርት ነጥሉና ወደ ቁጥር ቀይሩ። ከዛ ከዓመቱ 2000 ቀንሱና በ365 አባዙ፣ ዓመቱን ለ4 አካፍሉና 500 ቀንሱለት፣ ከወሩ 1 ቀንሱና በ30 አባዙ፣ ከቀኑም 1 ቀንሱ፣ አራቱን ደምሩ። ድምሩን በዴት አድ መነሻው ላይ ትጨምራላችሁ። ለ4 ስታካፍሉ በተራ ማካፈያ ሳይሆን በዲቭ ይሁን፣ ስፓርክ ላይ ተራው ማካፈያ ነጥብ ያለው ቁጥር ይሰጣል፣ እኛ የምንፈልገው ሙሉውን ብቻ ነው። ለመፈተሽ ሐምሌ 1 ቀን 2016ን ስጡት፣ 6144 ቀን ወጥቶ ጁላይ 8 ቀን 2024 ካላለ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል። የበጀት ዓመቱን ደግሞ ከተቀየረው ቀን ሳይሆን ከድሮው ጽሑፍ አውጡት፣ ወሩ 11 ወይም ከዛ በላይ ከሆነ ዓመቱ ላይ 1 ጨምሩ፣ በቃ።

ሁለተኛው ጣጣ አቅራቢው ነው። ቴብሎቹን በስም አታገናኙ፣ ማለትም በስም ጆይን አታድርጉ! አንዱ ኃይሉ ይላል፣ ሌላው ሀይሉ፣ ሦስተኛው ኀይሉ፣ ለኛ አንድ ሰው ነው ለስፓርክ ሦስት ሰው። በቲን ቁጥር አገናኙ፣ እሱም 10 አሃዝ ነው፣ ኤክሴል ግን ፊት ያለውን ዜሮ ይበላዋል፣ ስለዚህ በኤልፓድ እስከ 10 በዜሮ ሙሉትና እንደ ጽሑፍ ያዙት። ቲን የሌለው ገበሬ ካለ ግን በስም መሄዳችሁ አይቀርም፣ ያኔ ትራንስሌት በሚለው ፈንክሽን ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ቀይሩ፣ ከነሙሉ ቤታቸው፣ ሃን፣ ሓንና ኃን ግን እነሱንም ወደ ሀ፣ ዓንና ኣን ወደ አ፣ አለዚያ ኃይሉና ሀይሉ አሁንም አይገናኙም፣ አሰልቺ ነው ግን አንዴ ነው። ኪሎና ኩንታል የተቀላቀለበት ኮለምም አይቀርላችሁም፣ ኩንታሉን በ100 አባዙት።

ከዛ ድምር። አንድ የግዢ ትዕዛዝ 300 ኩንታል ገብስ ይላል፣ ገብሱ ግን በሦስት አይሱዙ ነው የሚገባው፣ ሦስት ጂአርኤን (መንግሥት ቤት ያላችሁ ሞዴል 19) ይቆረጣል። ትዕዛዙን ከጂአርኤኑ ጋር ዝም ብላችሁ ጆይን አድርጋችሁ የትዕዛዙን ዋጋ ብትደምሩ ሦስት እጥፍ ይወጣል። መጀመሪያ ጂአርኤኑን በትዕዛዝ ቁጥር ግሩፕ ባይ አድርጋችሁ ደምሩ፣ ከዛ ነው ጆይን። ቫት የተጨመረበትና ያልተጨመረበት ዋጋም አንድ ላይ እንዳይደመር፣ 15 ፐርሰንት ልዩነት ቀላል አይደለም።

የጸዳውን ፓርኬ ወደሚባለው የፋይል ዓይነት ጻፉት፣ ክሬት ቴብል፣ ዩዚንግ ፓርኬ፣ ፓርቲሽንድ ባይ በጀት ዓመት። ከዚህ በኋላ ሪፖርት ባላችሁ ቁጥር ዋናውን ዳታቤዝ መንካት ቀረ፣ የ2016ን ብቻ ስትጠይቁም የዛን ዓመት ፎልደር ብቻ ነው የሚከፍተው። ስራው እንዴት እየሄደ እንደሆነ ብሮውዘር ላይ በፖርት 4040 ይታያል።

ለአለቃ ከማስገባታችሁ በፊት ግን ንብረት ክፍል ውረዱና ከጥራዙ አስር ደረሰኝ በእጃችሁ አውጥታችሁ ከውጤቱ ጋር አስተያዩ፣ በተለይ የጥቅምት 30ን፣ የጳጉሜንና የሐምሌ መጀመሪያን። ጋቢ ደርባችሁ ሂዱ፣ መጋዘኑ ይበርዳል።