በትንሽ የሸራ ጀልባ መጀመሪያ ስትወጡ፦ ኪኔሬት ላይ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት

ብዙ ሰው ሐይቅ ዳር ሲደርስ የሚያየው ውሃውን ነው። ውሃው ከተኛ «ዛሬማ አሪፍ ቀን ነው» ብሎ ጀልባውን ይገፋል። መታየት ያለበት ግን ነፋሱ ነው።

የጠዋቱን ጸጥታ ማመን
ኪኔሬት፣ በወንጌል የገሊላ ባሕር የምንለው፣ ከባሕር ወለል 210 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ሐይቅ ነው። በሰኔና በሐምሌ ጠዋት ጠዋት እንደ መስታወት ይተኛል። ከሰዓት በኋላ ግን ከሜዲትራኒያን የሚመጣው የምዕራብ ነፋስ ከኮረብታው ቁልቁል ይወርድበታል፤ ማዕበሉም ወዲያው ይነሳል። በምዕራቡ ዳር ካለችው ከተማ በጥብርያዶስ በኩል ከወጣችሁ ነፋሱ ከጀርባችሁ ሆኖ ወደ መሃል ይገፋችኋል። መሄዱ ቀላል ነው። ጭንቁ መመለሱ ነው። የሸራ ጀልባ ፊት ለፊት ወደ ነፋሱ አትሄድም፤ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ እየተጠማዘዘች ነው የምትመለሰው። ጀማሪ ደግሞ ይህን ገና አልለመደም። ስለዚህ በማለዳ ውጡ፣ እኩለ ቀን ሳይሆን ተመለሱ።

ሸራውን ነፋስ በጎን እየመታ መስቀል
መጀመሪያ የጀልባዋን አፍንጫ ወደ ነፋሱ አዙሩ። የሸራውን ገመድ ልቀቁትና እንደ ባንዲራ ይውለብለብ። አለዚያ ገና ዳር ላይ፣ በምትጓጓዝበት ጋሪ ላይ እያለች ልትገለበጥ ትችላለች።

ቡሹን መርሳት
ብዙዎቹ ጀልባዎች ከኋላቸው የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ አላቸው። መደፈኑን ዳር ላይ ሳላችሁ እዩ።

ገመዱን ማሰር
እጅ ሲዝል ገመዱን አስሮ ማረፍ ያጓጓል። እባካችሁ አታስሩት። ነፋስ ድንገት ሲበረታ የሚያድናችሁ ገመዱን ቶሎ መልቀቅ ነው። የመሪው እጀታም መጀመሪያ ያደናግራል፤ ወደ ግራ ስትገፉት ጀልባዋ ወደ ቀኝ ትዞራለች። ሸራው ጎን ሲቀይር ጎንበስ በሉ፤ ከሥሩ ያለው ዘንግ ጭንቅላት ይመታል።

ሲገለበጡ ወደ ዳር መዋኘት
ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ትንሽ ጀልባ መገለበጧ አይቀርም፤ ግን አትሰጥምም፣ ትንሳፈፋለች። ሌዘር የምትባለው የአንድ ሰው ጀልባ አካሏ 59 ኪሎ ገደማ ነው፤ የአንድ ሰው ክብደት ያቃናታል። የሸራው ገመድ መለቀቁን አረጋግጡ። ከሆዷ የወጣው ሳንቃ ላይ ቁሙ። ጠርዟን ይዛችሁ ሰውነታችሁን ወደ ኋላ ጣሉ፤ ቀስ ብላ ትነሳለች። እምቢ ካለችም አትራቋት። ዳሩ ከሚመስለው በላይ ይርቃል፤ ለሚፈልጋችሁ ሰው ደግሞ ከአንድ ጭንቅላት ይልቅ ጀልባ ትታያለች። ላይፍ ጃኬቱን ዳር ላይ ልበሱት፣ ማሰሪያዎቹንም እዚያው ቆልፉ፤ ማዕበል ውስጥ ሆኖ መልበስ በጣም ከባድ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ከዳር ሳትርቁ፣ የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ እያለ፣ ሆን ብላችሁ ገልብጧትና መልሳችሁ አንሷት። ሁለት ሦስቴ ከደጋገማችሁ በኋላ ሸራውን ሙሉ ነፋስ አስይዙት።